የመሃሉ ጭቃ

ባለቤቴና ታላቅ ወንድሜ የተኳረፉት በጭቃ ነው። ሰው በመሬት ይጣላል፣ በከብት ይጣላል፣ በአጥር ይጣላል፤ ይሁን። የእኔዎቹ ግን በጭቃ ተጣሉ። ስናገረው እንኳ ያሳፍረኛል፤ ግን ሰፈር ያወቀውን ጉድ እኔ ብሸፍነው ምን ይረባኛል?

የባለቤቴ እርሻና የወንድም ጋሼ እርሻ ጎን ለጎን ናቸው፤ መሃላቸውን ቦይ ያልፋል። ዝናብ ሲጥል ከላይ ያለው ውሃ ሁሉ በዚያ ቦይ ወርዶ ዋናው ቦይ ይገባል፣ ከዚያ በውሃ በሩ በኩል ወንዙን ይቀላቀላል። ሰፈራችን ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ቦይ ካልተጠረገ ውሃው መሄጃ ያጣና እንደማይሄድ እንግዳ ተደላድሎ ይቀመጣል። ለዚህ ነው የቦይ ኮሚቴ ያለን። ሕጉ ረጅም አይደለም፤ ቦይ በደጁ የሚያልፍ ሰው የደጁን ይጠርጋል፣ የሰው ድርሻ አይነካም፤ ሥራ ከበዛበት ደግሞ የግራና የቀኝ ጎረቤቱን ለግማሽ ቀን መጥራት ይችላል፣ የተጠራም እምቢ አይልም።

አንድ ዓመት ኮሚቴው ቦዩን የሚያሰፋ ኤክስካቫተር ተከራየ። ሾፌሩ እኛ ጋ ሲደርስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ጭቃውን ወዴት ልጣለው?" አለ። ባለቤቴ ምሳ ሊበላ ገብቶ ነበር። ወንድም ጋሼ ብቻውን ቆሟል። ዞር ብሎ አየ፣ ማንም የለም። "ወዲህ፣ ወደኔ ነው እንጂ!" አለው። ባለቤቴ አፉን እየጠረገ ሲመለስ ጥቁር፣ ቅቤ የመሰለ ጭቃ በሙሉ ወንድም ጋሼ እርሻ ላይ ተዘርግቷል። በዚያ ዓመት የወንድም ጋሼ ቲማቲም አንዱ ብቻውን ድስት ይሞላ ነበር። ባለቤቴ ያንን ቲማቲም ባየ ቁጥር "ጭቃዬን ነው የሚበላው!" እያለ ምራቁን ይውጣል።

ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። አይነጋገሩም ስል ዝም ይባባላሉ ማለቴ አይደለም፤ ዝምታማ ምነው በቀናኝ! ቦዩ ዳር ወዲህና ወዲያ ይቆሙና፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ጥርት አድርጎ እየሰማ፣ በኔ በኩል ያወራሉ።

"ላሙ ጎመኔን እየጨረሰችው ነው በይው" ይላል ባለቤቴ።

"ጎመን ያለ አጥር የተከለ ሰው ለላም ነው የተከለው በይው" ይላል ወንድም ጋሼ።

እኔ መሃል ቆሜ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ቴሌፎን ብሆን እንኳ በስንት ጊዜዬ አርጅቼ ተጥዬ ነበር።

ቦዩን ሲጠርጉማ ማየት ነው። "የየራሳችን ጭቃ ለየራሳችን" ብለው (በኔ በኩል) ስለተስማሙ፣ ባለቤቴ ከእሱ ዳር እስከ መሃል ያለውን ጠርጎ ወደራሱ ይጥላል፤ ወንድም ጋሼም ከወዲያ እንዲሁ። መሃል ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም አካፋቸውን ይሰበስባሉ። አንድ ዝቃጭ አልፎ የተነካ እንደሆነ "ሌባ" መባል አለ። ስለዚህ በጥንቃቄ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መሃሉን ሳይነኩ ይተዉታል። ሌላው ሰው ቦይን በርዝመቱ ተካፍሎ ይጠርጋል፤ የእኔዎቹ በወርዱ ተካፈሉ። መሃል ላይ የቀረው ጭቃ መጀመሪያ ሣር አበቀለ፣ ቀጥሎ ቄጤማ፣ ኋላ ሸምበቆ። በመጨረሻ ወፍ ጎጆ ሠራበት። የሰፈሩ ሰው "ደሴቲቱ" ይላታል። ከሩቅ ዘመድ የመጣበት ሰው ሁሉ ሊያሳያት ይዞ ይመጣል።

እኔም እስቅ ነበር፤ መሳቁ የቆመው ነገሩ ወደ ሳህኗ ሲደርስ ነው።

ሳህኗ እናታችን ስትሞት ለኔ የተወችልኝ ቁራሽ መሬት ናት። ከሁለቱ እርሻዎች ወደ ላይ አለፍ ብሎ፣ ቦዩ የሚጀምርበት ጋ ትገኛለች። ዙሪያዋ ከፍ፣ መሃሏ ጎድጎድ ስላለ ነው ሰው ሳህኗ የሚላት። እናታችን በመጨረሻዋ ሰሞን ወንድም ጋሼን አጠገቧ አስቀምጣ "ያቺ የእህትህ ናት፤ ዓይንህ እንዳይሄድባት" አለችው። ሐቁን ልናገር፣ ሄዶባትም አያውቅም። በዕድሜዬ በስሜ የያዝኩት ነገር እሷን ብቻ ነው። ቤቱ የባለቤቴ፣ እርሻው የባለቤቴ፣ ላሟ እንኳ ከአማቴ ቤት ተነድታ የመጣች ናት። ሳህኗ ግን የኔ ነበረች፤ እኔው ራሴ ሳልቀር "የእማዬ መሬት" እያልኩ ብጠራትም።

ታዲያ ሳህኗ ውሃዋን የምታወርደው በነዚህ በሁለቱ ሰዎች ቦይ ብቻ ነው። ደሴቲቱ በወፈረች ቁጥር ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና ሳህኗ ላይ ይተኛል። የእነሱ እርሻ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ጠብታ አይነካቸውም። ተኳረፉ እነሱ፣ ሰጠምኩ እኔ። የዘራሁት ሁሉ እየበሰበሰ፣ መሬቷ ለእንቁራሪት ሠርግ ቤት ሆና ቀረች።

ዘንድሮ ኮሚቴው ስብሰባ ጠራ። የኮሚቴው ቢሮ ከውሃ በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ግማሿን የቅባት በርሜልና የዛገ ሰንሰለት ይዞታል፣ በቀረው ላይ አግዳሚ ወንበር ደርድረናል። ግድግዳው ላይ የቦዮቹ ካርታ ተለጥፏል፤ እርጥበት ስለገባው ወንዙ ከእውነተኛው ይልቅ ሰፍቶ ይታያል። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ሰው ያዋለዱት እሳቸው ስለሆኑ ስብሰባ ላይ የሚከራከራቸው የለም፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ካለ "አንተ ስትወለድም እንዲሁ ነበርክ" ይሉታል፣ በቃ ቁጭ ይላል።

ከከተማ የመጣው መሐንዲስ ካርታው ፊት ቆመ። ደህና ልጅ ነው፤ ባርኔጣውን እጁ ላይ እያዞረ ነው የሚናገረው። ከውሃ በሩ አጠገብ ያሉ ቤቶች ባለፈው ክረምት ውሃ ገብቷቸዋል፣ ስለዚህ ዶፍ ሲወርድ ውሃውን ለጊዜው የሚይዝ ማቆሪያ ያስፈልጋል አለ። ጣቱን ካርታው ላይ አንሸራቶ አንሸራቶ ሳህኗ ላይ አሳረፈው።

"ይቺ ቦታ እኮ አሁንም በየዓመቱ ውሃ ትይዛለች" አለ። "ዙሪያዋን ትንሽ ከፍ ብናደርግላት ይበቃታል።"

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በሩ አጠገብ ያሉት እናቶችማ ሊያጨበጭቡ ምንም አልቀራቸው። አልፈርድባቸውም። ባለቤቴን አየሁት፣ ጣሪያ ያያል። ወንድም ጋሼን አየሁት፣ ጫማውን ያያል። ተነሣሁ።

"መሬቷ ውሃ የምትይዘው ወዳ አይደለም፤ ጉሮሮዋ ታንቆ ነው!"

አዋላጇ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "እውነቷን ነው" አሉ። "እንግዲያው ልጄ፣ ጉሮሮዋን አስከፍቻ። በጀሪካን ቀን ቦዩ ፈተናውን ካለፈ፣ ከመጀመሪያው ዶፍ በኋላ ባለው ጠዋት መጥተን እናያታለን። ውሃው ወርዶ ከጠበቀን መሬትሽ ያንቺው ናት፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ተኝቶባት ካገኘነው ግን ማቆሪያ ትሆናለች። ተስማማን?"

ተስማማሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ማታ እራት ላይ ባለቤቴን ለመንኩት። "መሃሉን ብትጠርገው ምን ትሆናለህ?"

"መሃሉ የኔ ነው እንዴ? ነገ ጭቃዬን ሰረቀኝ ሊለኝ?"

በማግስቱ ወንድም ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ቦቲ ጫማውን እየለጠፈ ነበር። "መሃሉን ብትጠርገው ምን ትሆናለህ?"

"መሃሉ የኔ ነው እንዴ? ነገ ባልሽ ሁለተኛ ዘረፈኝ ሊል?"

ቃል በቃል አንድ! እኔና ወንድም ጋሼ የአንድ እናት ልጆች ነን ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን እሱና ባለቤቴ መንታ ይመስሉኛል። በሦስተኛው ቀን በራሴ ማጭድ ይዤ ቦዩ ውስጥ ወረድኩ። አንዲት ሸምበቆ ከማጨዴ ሁለቱም ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ዳርና ዳር ቆመው "ወዴት ነው የምትጥይው?" አሉ፣ እኩል። ማጭዱን እዚያው ትቼ ቤቴ ገባሁ። በንዴት ሽንኩርት ከተፍኩ፣ እንባዬን የሚያይ ሰው ቢመጣ ማመካኛ እንዲሆነኝ።

የጀሪካን ቀን የሚውለው ካፊያው ቦዩን ካራሰው በኋላ፣ ዶፉ ሳይመጣ ነው። ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ከላይ፣ ከመንገዱ ቱቦ አፍ ላይ ውሃው ውስጥ ይጣላል። ሰዉ ሁሉ ዳርና ዳሩን ይዞ አብሮት ይሄዳል። ጀሪካኑን መንካት ክልክል ነው። የቆመበት ድርሻ ባለቤት፣ ከነልብሱ፣ ሰው እያየው ገብቶ ይጠርጋል። ቅጣት የለም፣ ወቀሳ የለም፤ ሳቁ ይበቃል። ሴቱም ወንዱም የሚወደው ቀን ነው፣ ተረኛ ካልሆኑ ማለቴ ነው።

የዚያን ቀን ጀሪካኑ ሳህኗን አልፎ መጀመሪያ በሰፈራችን ጸጉር አስተካካይ ድርሻ ላይ ቆመ። "የሰው ጢም ስትላጭ የራስህን ቦይ ጢም ረሳኸው!" ብለው አዋረዱት። እሱም የዋዛ አይደለም፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ፣ አረሙን እየነቀለ "ቀጣይ!" እያለ ወደ ዳር ወረወረው። ጀሪካኑ ሲለቀቅ ሰዉ እልል አለ። የቀረው የእኛ ነው።

ቀድሞ ጀሪካኑ ደሴቲቱን በጎን ታክኮ ያልፋት ነበር። ዘንድሮ ግን ሸምበቆው ግራና ቀኝ ክንዱን ዘርግቷል። ጀሪካኑ ደረሰ፣ አንዴ ተሽከረከረ፣ ልክ መሃል ላይ ጭቃው ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። በሩጫ የደከመው ይመስል ነበር።

አዋላጇ ከዘራቸውን ተከሉ። "የማነው?"

"ወደሱ ያዘነብላል በይው" አለ ባለቤቴ።

"አፉ ያለው ወደሱ ነው በይው" አለ ወንድም ጋሼ።

ገመድ መጣ። ከባለቤቴ ዳር ተለካ፣ ከወንድም ጋሼ ዳር ተለካ፤ እኩል። እንደገና ይለካ ተባለ፤ እኩል። ሕዝቡ ውርርድ ጀመረ። "ገመዱን ወደራሱ ስቦታል በይው!" "እጁ ነው የሚንቀጠቀጠው በይው!" እኔ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያልኩ ሳደርስ፣ በመሃል አየር አጠረኝና ቆምኩ። ከላይ ሳህኗ ትታየኛለች። ካፊያው ብቻ እንኳ መሃሏ ላይ ውሃ ማጠራቀም ጀምሯል። እነዚህ ሁለት ሽማግሌ ለመሆን የደረሱ ሰዎች ገመድ እየለኩ መሬቴን ሊያስበሏት ነው አልኩ በሆዴ። ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ፤ ከንዴት ይሁን ከየት እንጃ።

"ወንድም ጋሼ" አልኩት፣ "ይሄ መሃል ያለው ጭቃ ያንተ ነው?"

"የኔ? በጭራሽ!"

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። "ያንተስ?"

"እኔ የለሁበትም! ሕዝብ ይስማ፣ የኔ አይደለም!"

"ከሕዝቡ መሃልስ የኔ ነው የሚል አለ?"

ሰዉ ሳቀ። "ለወፏ ስጭያት!" አለ ጸጉር አስተካካዩ።

"እንግዲያው እትዬ አዋላጅ" አልኩ፣ "ሁለቱም በሕዝብ ፊት ካዱት። ባለቤት የለውም። እኔ ወስጄዋለሁ። መሃሉ የኔ ድርሻ ይሁን፣ እኔው እጠርገዋለሁ።"

በአዋላጇ ፊት ላይ ሳቅ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ሄደ። ገብቷቸዋል። "ሰው ያልፈለገውን ጭቃ የምትፈልግ ሰው ከተገኘች ኮሚቴው ምን ቸገረው?" አሉ። "ያንቺ ነው!"

ባለቤቴ የተገላገለ መስሎት ፈገግ አለ። ወንድም ጋሼም እንዲሁ። አንጀቴ ራሰ።

"አሁን ደግሞ" አልኩ፣ "ሥራ በዝቶብኛል። ብቻዬን አልችለውም። በሕጉ መሠረት የግራና የቀኝ ጎረቤቶቼን እጠራለሁ።" ጣቴን ዘረጋሁ። "አንተ። አንተም።"

ሳቁ የተነሣው ወዲያው አልነበረም፤ ሰው ነገሩን እስኪያላምጠው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ግን የቦዩ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናወጠ። መሐንዲሱ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወንድም ጋሼ አዋላጇን ተማጽኖ አያቸው።

"የተጠራ እምቢ አይልም" አሉ። "ግቡ!"

"ጭቃውስ?" አለ ባለቤቴ። "ወደ ማን ነው የሚጣለው?"

"ጭቃው የኔ ነው!" አልኩት። "ወዳንተም አይጣል፣ ወደሱም አይጣል። ወደ ሳህኗ ትሸከሙልኛላችሁ፤ ጎድጓዳዋን ከፍ ያደርግልኛል።"

ቃሬዛ መጣ፤ ሁለት ወፍራም አጣና፣ መሃሉ ጆንያ የተሰፋበት። ያንን ነገር አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው አይችልም፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነው። ሰፈሩ ጭቃውን እየዛቀ ሞላላቸው፣ ደግሞ በደንብ አድርጎ ነው የሞላላቸው። ወንድም ጋሼ ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ ሆነው ተነሡ። የቦዩ ዳር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ወንድም ጋሼ ሲቸኩል ባለቤቴ ይጎተታል፤ ባለቤቴ ሲቆም ወንድም ጋሼ ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። ሁለቱም ከልማዳቸው ወደኔ ዞር አሉ።

"ቀስ ይበል በይው!" አለ ባለቤቴ።

እኔ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመርኩ። ደመናው እንዴት ያምራል!

"እንዳይጎትተኝ በይው!" አለ ወንድም ጋሼ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ጎረቤቴ ጆሮዬ ላይ "እንዳትመልሺላቸው" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ቃሬዛው ያዘነብላል፣ ጭቃው ወደ ቦዩ ጎን ይንሸራተታል፣ የወንድም ጋሼ አንድ እግር ከዳር ወጥቷል። ያኔ ባለቤቴ ጮኸ።

"ሰውዬ፣ ቀኝህን! ቀኝህን ርገጥ፣ ትወድቃለህ!"

ለስንት ዘመን ያልተሰማ ነገር ነው። ወንድም ጋሼ እንኳ ሰምቶ ደነገጠ፤ መደንገጡ ነው የጣለው። ዞር ብሎ "እኔን ነው?" ሲል ግራው ከዳው፣ ባለቤቴን አስከትሎ፣ ቃሬዛውን አስከትሎ፣ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሲነሡ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው።

"አንተ ነህ የገፋኸኝ!" አለ አንደኛው ጭቃ።

"ቀኝህን አላልኩህም? ግራና ቀኝህን አታውቅም?" አለ ሁለተኛው ጭቃ።

"ድሮም አንተ ከኋላ ሆነህ ነው የምታዘው!"

ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። እነሱ ግን ሰዉን ረስተውታል፤ እየተጯጯሁ ቃሬዛውን አነሡ፣ እየተጯጯሁ ሞሉ፣ እየተጯጯሁ ተሸከሙ። በየምልልሱ ጩኸቱ እየቀነሰ "ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ" ሆነ። ከቀትር በኋላ ባለቤቴ "እስቲ እኔ ከፊት ልሁን፣ ወገብህን አሞሃል" ሲል ሰማሁት። ዘወር ብዬ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

የመጨረሻው የሸምበቆ ሥር እምቢ አለ። ሁለቱም ወገባቸው ድረስ ገብተው በደረታቸው ይገፋሉ። አዋላጇን ከዳር እንደቆሙ የድሮው የማዋለጃ ድምፃቸው መጣባቸው። "ግፉ! ተንፍሱ! አሁንም ግፉ! ጎበዝ፣ መጣ፣ መጣ!" ሰፈሩ በሙሉ እያለቀሰ ይስቃል። ሥሩ ተነቅሎ ሲወጣ ከኋላው የታገደው ውሃ አንድ ጊዜ ተለቀቀ። ሁለቱን ሰዎች ቁጭ አደረጋቸው፤ ጀሪካኑ በላያቸው ዘሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ሰዉ ሁሉ ተከተለው። የውሃ በሩ ጠባቂ በሩን ገና አልከፈተም ነበርና ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ ከሁሉም ቀድሞ ይሮጣል፣ ሆዱ ከፊቱ እየዘለለ። ለጥቂት ቀደመው። ጀሪካኑ ምንም ሳይቆም በበሩ አልፎ ወንዝ ገባ።

እልል ብዬ ስጨርስ ግን ፍርሃቴ ተመለሰ። ቦዩ አለፈ፤ ሳህኗ ግን ገና ናት። ጀሪካን ማሳለፍና ዶፍ ማሳለፍ አንድ አይደለም።

ዶፉ የመጣው በሌላው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማይ ተቀደደ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሰው ከሰው አይደማመጥም። እኔ መስኮት ላይ ተለጥፌ ወደ ሳህኗ አያለሁ፤ ከዝናቡ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ባለቤቴ ወጥ እንዲያማስል ብነግረው ምድጃው አጠገብ ባዶ ድስት ያማስላል። እሱም ፈርቷል። "ይወርዳል" ይለኛል፣ ትንሽ ቆይቶ "ይወርዳል አይደል?" ይለኛል። እናቴን አሰብኳት። ያቺን መሬት ለሴት ልጄ ብላ ስትሰጥ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስቀውባት እንደነበር ትነግረኝ ነበር።

ጠዋት ስነቃ ባለቤቴ ቤት ውስጥ የለም። ቦቲ ጫማው የለም። ነጠላዬን ደረብኩና ወጣሁ። ሩጫ አልሮጥኩም። የማየው ነገር እንዲዘገይልኝ ፈልጌ ቀስ እያልኩ ነው የሄድኩት።

አፋፉ ላይ ስደርስ ሳህኗ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው እንጨት መሬት ላይ ይሰካሉ። ባለቤቴና ወንድም ጋሼ ናቸው። በቃሬዛ ያመጡት ጥቁር ጭቃ መሃሏን ሞልቶ ለስላሳ ሆኖ ተኝቷል። የበሬ ኮቴ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ውሃ አለ፤ ሌላው መሬት ነው። እርጥብ፣ ጥቁር፣ የሚያበራ መሬት። ከታች በቦዩ የቀረው ውሃ እያወራ ይወርዳል። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

አዋላጇና መሐንዲሱ ደረሱ። መሐንዲሱ ሊያይ ገባ፤ በሦስተኛው እርምጃ የከተማ ጫማው ተውጦ ቀረ። አንድ እግሩን በካልሲ አንሥቶ ቆመና "ጭቃ ነው! ውሃ አይደለም፣ ጭቃ ነው!" አለ፣ በደስታ። አዋላጇ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። "ማቆሪያውን ሌላ ቦታ እንፈልግለታለን" አሉት። "ከላይ ያለውን የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ አሳይሃለሁ። ይቺ አልፋለች።" ከዚያ ጉንጬን በመዳፋቸው ነካ አድርገው መሐንዲሱን ደግፈው ወጡ።

እኔ ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ መሃል ላይ ጩኸት ተነሣ።

"ለቲማቲም የተፈጠረ መሬት ነው!" ይላል ወንድም ጋሼ። "ጭቃውን አታየውም?"

"ምን ቲማቲም! ጎመን ነው የሚያምርበት!"

"ስለ ቲማቲም አንተ ምን ታውቃለህ?"

"ከኔ ጭቃ ስለበቀለው ቲማቲም ነው የምታወራው?"

ፊት ለፊት ቆመው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ፣ በእጃቸው መስመር እያሰመሩ፣ አንዱ እዚህ ይተከል ሲል ሌላው እዚያ እያለ፣ በቦቲ ጫማቸው ጭቃውን እየረገጡ ያፈርሱታል። ወደኔ ዞር ያለም የለም። እኔ መኖሬም ትዝ ያላቸው አይመስልም። ሊያስለቅሰኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሳቄ ቀደመኝ፣ ከሳቁ ስር ሌላ ነገር መጣ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሙቅ ነገር፣ እስከ ጉሮሮዬ ሞላና ወጣ።

"ሁለታችሁም" ብዬ ጮህኩ፣ "ከመሬቴ ውጡ!"

"መሬቴ" የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሁለቱም እግራቸውን አዩ፣ ደግሞ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጫማቸውን ከጭቃው እያላቀቁ፣ አንዱ ሌላውን በክንዱ እየደገፈ፣ ከመሬቴ ወጡ።